የበረዶው ጓንት

ልጄን መዘኗት፤ ሦስት ኪሎ ከሩብ፣
ቀኗን፣ ሰዓቷን ጻፉ በመዝገብ።
የእኔን ቁስል ግን የጻፈው የለም፣
ስም አላወጡለት ለዚያ ቦታ በዓለም፤
«እታች» ነው፣ «እዚያ» ነው፣ «እንትን» ነው የሚሉት፣
ሰባት ጊዜ በመርፌ ወግተው ሲሰፉት።

መቀመጥ አልቻልኩም፣ መቆም አቃተኝ፣
ሽንቴ እንደ ሎሚ ጭማቂ አቃጠለኝ፤
ሳል ሲመጣብኝ ትንፋሼን ውጬ፣
ባንድ ወገን ዳሌ ጠርዝ ላይ ተቀምጬ
አጠባኋት። ከመስኮቱ ማዶ
ሜኮንግ ይፈሳል፣ የበጋ ደሴቱን ያለ ስፌት ወልዶ።

አማቴ ሜ ፔንግ ደረሰች ሲነጋ፣
ታክሄክን አቋርጣ በባጃጅ፣ ከከሰሏ ጋ፤
ድንጋይም ይዛለች፣ በጨርቅ የጠቀለለችው፣
ከልጅ ልጇ ቀድማ እርሱን ነው ያቀፈችው።
«ተነሽ ወደ ቤት፣ የቀርከሃው አልጋ ተዘርግቷል፣
ከሥሩ ፍም አለ፣ ሌሊቱን ነዷል።
እሳት ያልሞቀች አራስ ሆዷ አይሰበሰብም፣
ዝናብ በዘነበ ቁጥር ያማታል ዘላለም።
እኔ አሥራ አምስት ቀን ፍም ላይ ተኝቼ ነው
ይኸው እስከ ዛሬ ሩዝ የምተክለው።»

ፔትሳሞን ገባች፣ አዋላጇ፣ ኮስታራዋ፣
ከእንቅልፍ እጦት የቀላ ዓይኗ፣ የተፈታ ጫማዋ።
የጤና ጣቢያው ማቀዝቀዣ ተበላሽቶ ነበርና
ከዓሣ ሻጩ ዘንድ መምጣቷ ነው ገና።
ይዛ የመጣችው የላስቲክ ጓንት፣ ውሃ የተሞላ፣
በዓሣዎቹ መሃል አድሮ ድንጋይ የሆነ ኋላ፤
አምስት ጣት ያለው የበረዶ እጅ፣
ዓሣ ዓሣ የሚሸት እንግዳ ወዳጅ።
በፎጣ ጠቀለለችው። «አሥር ደቂቃ» አለች፣
«ከዚያ ካለፈ ቆዳ ይጎዳል»፤ ሰዓቷን አየች።

ሲነካኝ ጮህኩ።
ከዚያ ዝም አልኩ።
እዚያ ታች ሲደልቅ ያደረው ልብ፣
ያ ሁለተኛው ልቤ፣ ያበጠው፣ የሚጠበጥብ፣
ረገብ አለ። ጥርሴን ሳልነክስ ልጄን ያየኋት ያኔ ነበር፣
ቅንድብ እንደሌላት፣ ጆሮዋ ላይ እንዳለ ጠጉር።

ሜ ፔንግ ድንጋይዋን ደረቷ ላይ አጥብቃ
«ገደልሻት» አለች፣ እስከ በሩ ርቃ።
ፔትሳሞን አልተቆጣችም። «እማማ፣ ያበጠ ነገር ብርድ ይሻል፤
ከነገ ወዲያ ሲጎድል የአንቺም ሙቀት ይደርሳል፤
ውሃ ታሞቂላታለሽ፣ በክርንሽ ለክተሽ።
ፍሙን ግን ከሥሯ አርቂው፣ እባክሽ።»

ሜ ፔንግ መልስ አልሰጠችም። ጎንበስ ስትል ልብሷ ገለል፣
ወገቧ ላይ አየሁት፣ የሚያብለጨልጭ፣ መዳፍ የሚያህል
የቃጠሎ ጠባሳ። በአራት ዓመት ትዳር
አንድም ቀን አልሰማሁ የዚህን ነገር።

በሦስተኛው ቀን ሳፋ ሙሉ ለብ ያለ ውሃ ቀዳች፣
ጠጅ ሣር ነስንሳ፣ ክርኗን ነክራ ለካች፤
ተቀመጥኩበት። ጭኔ ላላ፣ ወገቤ ላላ፣
ያለ ምክንያት ሳቅሁ፤ እሷም ሳቀች ኋላ።
የትኛው ይሻላል ብላችሁ አትጠይቁኝ፤
ሰዓቱን ጠይቁት፣ እኔስ ሁለቱም ደረሱልኝ።

አንድ ነገር ዘለልኩ። የዚያን ዕለት ሌሊት፣
ልጅቱ ስትተኛ፣ መብራት ሲጠፋበት፣
ዓይኔን ገለጥ ሳደርግ፣ ሜ ፔንግ ከአልጋዬ ሥር
ከእኔ የተነሣውን ጓንት ወገቧ ላይ አድርጋው ነበር።
ሠላሳ ዓመት ለዘገየ ምን ይሠራል በረዶ?
ውሃው ምንጣፉ ላይ ጠብ ጠብ ይላል ወርዶ፤
አውራ ጣቱ ሟሙቷል፣ ሌሎቹም አልቀሩም፣
ትንሿን ጣት ግን ጨብጣ አለቀቀቻትም።
ዓይኔን መልሼ ጨፈንኩ።
አልጠየቅኳትም።